ከውሃ ተራ የጠፋው ቤት

የእነጋሻዬ ቤት ከውሃ ተራ ዝርዝር ጠፋ።

በመስኖ ሙዝ በምትኖረው በላንቴ ቀበሌ ይህ ቀልድ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ ለሌለ ሰው ቦይ አይከፈትም። ሙዙ ሃያ ቀን ውሃ አላየም፤ ቅጠሉ መድረቅ ጀምሯል። ጋሻዬ ከሞተ ሁለተኛ ወሩ ነው። ሚስቱ በለጥሽ አራት ልጆች የምታሳድገው በዚያው ሙዝ ነው።

የበለጥሽን አቤቱታ የተቀበለችው ፖሊስ ሳጅን አይዳ መጀመሪያ የጠረጠረችው የውሃ አከፋፋዩን ባፈናን ነው። ማን አይጠረጥረው? ከሟቹ ጋር በማሳ ድንበር ሲካሰስ ኖሯል። የበለጥሽ ተራ ሲዘለል ደግሞ ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው ለእሱ ማሳ ነው።

ባፈና ከተማው ሴቻ ካለው የመስኖ ማኅበር ቢሮ ታትመው የመጡትን ዝርዝሮች ዘረጋላት። ከወረቀቱ ውጪ ለገዛ እናቱም ቦይ እንደማይከፍት ነገራት።

"ጋሻዬን በቁሙ ከስሼዋለሁ፤ ውሃ ግን ከልክዬው አላውቅም። ከሞተ በኋላ ልጀምር?"

አይዳ ቀኖቹን አስተያየች። ቤቱ የጠፋው በለጥሽ የባሏን ሞት ባስመዘገበች ማግስት ነው። ሴትዮዋን ይዛ ወደ ሴቻ ወጣች።

የመስኖ ማኅበሩን ኮምፒውተር የሚይዘው አቡሽ የተባለ አዲስ ምሩቅ ነው። ማንም ምንም እንዳልሰረዘ ማለላቸው። አንድ ቁልፍ ሲነካ ዝርዝሩ ወዲያው መጣ። ቤቱ የለም።

"ከየት ነው የሚመጣው?" አለች አይዳ።

"ከቪው። አንዴ ጽፌ ያስቀመጥኩት ጥያቄ ነው፤ ስጠራው ከመዝገቡ ያመጣልኛል።"

"መዝገቡን ራሱን በቀጥታ ጠይቀው።"

"እሱ ይዘገያል።"

"ይዘግይ።"

አቡሽ ጥያቄውን መዝገቡ በሚጠየቅበት ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ የወራሾችን ሰንጠረዥ ጨምሮ እንደ አዲስ ጻፈ። አራት ደቂቃ ፈጀ። በለጥሽ፣ የጋሻዬ ወራሽ፣ ብሎ መጣ። ከእሷ ጋር ቪው ላይ ያልነበሩ ሌሎች ስድስት ስሞችም መጡ። ሁሉም ባል የሞተባቸው ሴቶች ናቸው።

አቡሽ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ።

"ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር። ቪው ስለሠራሁ ብቻ ዝርዝሩ አልፈጠነም። የወራሾችን ሰንጠረዥ ሳስወጣ ነው የፈጠነው። ሟች ከዝርዝሩ ሲወጣ ተተኪው ወራሽ የሚገባው ግን በዚያ ሰንጠረዥ ነበር።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እዚህ ግን የታጠቀው አንድ፣ የተፈታባቸው ሰባት ናቸው። አይዳ ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት። አሳዘናት።

አቡሽ ወራሾቹን ቪው ውስጥ መለሰ። አዲሱ ዝርዝር እስኪመጣ ስለሚዘገይ ይቅርታ ጠየቀ። በለጥሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሃያ ቀን ጠብቄያለሁ፣ ልጄ። አራት ደቂቃ አያቅተኝም።"

ወረቀቱን ይዘው ላንቴ ሲመለሱ የበለጥሽ ሙዝ ሥር ውሃ ገብቶ አገኙት። ባፈና የራሱን ተራ ለቆላት ነበር።