መብራት አልጠፋም ነበር

«መብራት ጠፍቶ ነው ቲቸር!» አለች ሚስጥር፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ፅዮን ዞር ብላ ጓደኛዋን አየቻት። ሚስጥር ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። መምህር ወልደኢየሱስ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ እንደቆሙ የተበላሸውን ትልቅ ኮምፒውተር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማራኪ ሰፈር ውስጥ መብራት ጠፋ ሲባል «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልተፈጠረም። ፍሪጅ ሲበላሽ መብራት ነው፣ የቤት ሥራ ሲቀር መብራት ነው። መብራት ደግሞ መጥቶ አይከራከርም።

«ድንገት ሄዶ ተመለሰ?»

«ሦስቴ!» ሚስጥር ስትዋሽ ጨው ታበዛለች።

«እንግዲያ ዲስኩን አበላሽቶታል ማለት ነው» አሉ መምህሩ በሐዘን። «ነገ ጠዋት መጥቼ ፎርማት አደርገዋለሁ።» ክፍሉን ቆልፈው ሄዱ።

እውነቱ ሌላ ነው። ፅዮን የኮምፒውተር ክበቡ መሪ ናት፤ የትልቁን ኮምፒውተር የይለፍ ቃልም ታውቃለች። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ሲሆን፣ በሆዱ ውስጥ ደግሞ በእጅ የማይዳሰስ ሌላ ኮምፒውተር ይዟል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ለብሔራዊ ፈተና የሚለማመዱበት ፕሮግራም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መምህሩ «ፈተናው እስኪያልፍ ምንም ነገር እንዳታዘምኑ» ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ዛሬ ግን ኢንተርኔቱ እንደ ሰው ሠራ፤ «አዲስ ዝማኔ አለ» የሚል መልእክት ብቅ ሲል የፅዮን ጣት አላስችል አላት። አዘመነችው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ፤ እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። የውስጡ ግን አልነሳም አለ።

«ምነው ዋሸሽ?» አለቻት ፅዮን የትምህርት ቤቱ በር ላይ።

«ላንቺ ብዬ ነዋ! ከክበቡ ቢያባርሩሽስ? ፎርማት ያደርጉታል፣ አዲስ ይሆናል፣ አለቀ። አቦ አታካብጂ!»

እውነት ለመናገር፣ ፅዮንን ደስም ብሏት ነበር።

ቤት ስትደርስ እንኳየሁ ቧንቧው ጋ ሸሚዙን ያጥባል። ከገጠር፣ ከኮሶዬ መጥቶ እነፅዮን ግቢ ክፍል ተከራይቶ የሚማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው። እስከ ዘንድሮ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። መጀመሪያ ቀን ማውሱን አየር ላይ አንስቶ ሲያዞረው ክፍሉ በሳቅ ሞቶ ነበር። አሁን የሚስቅበት የለም።

«ነገ ፊዚክስ ልለማመድ ነው» አላት። «ፈተናው በኮምፒውተር ነው ሲሉኝ አልቅሻለሁ እኮ። ይሄ ፕሮግራም ግን የት የት እንደምስት ያውቅልኛል፤ የሳትኩትን መልሶ መልሶ ይጠይቀኛል።»

«ቢጠፋስ?»

«ምኑ?»

«ፕሮግራሙ።»

«በስመ አብ በይ! ምነው፣ የሰማሽው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም» አለችና እየሮጠች ክፍሏ ገባች።

የስህተቱን መልእክት በስልኳ ፎቶ አንስታው ነበር። በድንጋጤ ያላነበበችውን አሁን አነበበችው። አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ደግማ አነበበችው። ስለ ዲስክ አንድም ቃል የለበትም። የሚለው፣ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አይገጥምም ነው። ከርነል የሊኑክስ ዋናው አካል ነው፤ ዝማኔው እሱን በአዲስ ተክቶታል። የውስጡን ኮምፒውተር የሚያስነሳው፣ ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ግን የተሠራው በአሮጌው ልክ ነው። ጓጉንቸሩ ተቀይሮ በድሮው ቁልፍ እንደ መታገል ማለት ነው። ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል እንደገና ከተሠራ በቂ ነው፤ ውስጥ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ነገ ጠዋት ፎርማት ከተደረገ ግን ያ ሁሉ ይጠፋል።

ለሚስጥር ደውላ ለቲቸር እውነቱን ልትናገር እንደሆነ ነገረቻት።

«አብደሻል?» አለች ሚስጥር። «አሁን ብትናገሪ እኔ ምን ልባል ነው? እናቴ ከቲቸር ሚስት ጋር አንድ ማኅበር ናት። ማታውኑ ነው የምትሰማው!»

«የልጆቹ ልምምድ ሊጠፋ ነው እኮ።»

«ቅጂ ይኖራቸዋላ።»

«የላቸውም። ፕሮግራሙን የጫነው ሰውም ሥራ ለቋል።»

«እንግዲህ አንቺው እወቂበት» ብላ ዘጋችው።

በማግሥቱ ቁርስ ሳትበላ ወጣች። ትምህርት ቤት ስትደርስ መምህሩ ፎርማት ማድረጊያውን ፍላሽ ሰክተው ትልቁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። እንኳየሁና ጓደኞቹ መስኮቱ ጋ ተኮልኩለዋል። ሚስጥርም መጥታለች፤ ክንዷን አጣጥፋ በዓይኗ «ተይ» ትላታለች።

መምህሩ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ጮክ ብለው አነበቡ። «ሁሉም ነገር ይጠፋል። ይቀጥል?» ጣታቸውን አነሱ።

«ቲቸር፣ ይቆዩኝ!» አለች ፅዮን። «መብራት አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ ያዘመንኩት።»

የመምህሩ ጣት አየር ላይ ቀረ። «ሦስቴ ሄዶ ተመለሰ አልተባልኩም እንዴ?» ብለው ወደ ሚስጥር ዞሩ።

«እሷ ለእኔ ብላ ነው» አለች ፅዮን። ሚስጥር ግን የቀረውን አልሰማችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ቁጣው ይመጣል ብላ ጠበቀች። መጣም። «ከክበቡ መሪነት ወርደሻል!» አሉ መምህሩ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሱ። «ነይ ተቀመጪ። ያበላሸሽውን አስተካክዪ።»

ተቀመጠች። ትእዛዙን ጻፈች፤ እምቢ አለ። ለአዲሱ ከርነል የሚያስፈልጉ ፋይሎች ጎድለዋል። መምህሩ የስልካቸውን ኢንተርኔት ከፈቱላት። ፋይሎቹ እየተንቀራፈፉ ወረዱ። እሷ እግሯን ታርገበግባለች፣ ጥፍሯን ትበላለች፣ አንዴ ስክሪኑን አንዴ በሩን ታያለች። ትእዛዙን ደግማ ጻፈች። አዲሱ ድራይቨር ተሠርቶ እስኪያልቅ ያለፈው ደቂቃ ረጅም ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥን ለጠላትም አልመኝም። የውስጡን ኮምፒውተር አስነሳችው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ፣ ከዚያ የልምምዱ ገጽ ብቅ አለ።

እንኳየሁ ዘሎ ገብቶ ስሙን ጻፈ። «አለ!» ብሎ ጮኸ። «የሳትኩት ሁሉ እንዳለ ነው!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም ሳቁ።

ፅዮን ግን እየሮጠች ወጣች። ወደ ሚስጥር ሰፈር፣ ወደ ፒያሳ፣ የምትሄደው ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ቆማለች፤ ሚስጥር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ፅዮን ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን ልሁን ብለሽ ነው የመጣሽው?» አለች ሚስጥር ፊቷን ሳታዞር። «ቤትሽ እዚሁ ነው። ውረጂ።»

«እናትሽ ከሰው ከምትሰማ እኛው እንንገራት።»

«ትገድለኛለች።»

«እኔም አለሁ።»

ረዳቱ በሩን እንደያዘ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። «የሚወርድ አለ?»

ሚስጥር ቀና ብላ አየቻት።

«የለም፣ ዝጋው» አለች ፅዮን።