በካውያ የተደገፈ በር

እህቴ፣ ይሄን የምነግርሽ ባለታሪኳን ራሷን አስፈቅጄ ነው። «ለአንዷ እንኳ ከጠቀማት ይንገሩ» ብላኛለች። እኛ ሴቶች እንዲህ ያለውን ነገር ወይ በሹክሹክታ እናወራዋለን ወይ ጭራሽ አናነሳውም። እኔ ግን ልጆቼን አሳድጌ ጨርሻለሁ፣ አላፍርም።

የሰርግ ልብስ የምንሰፋበት ቤት አለኝ። አራት ማሽን፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ከጀርባ ደግሞ ሙሽሮች የሚለኩባት ጠባብ ክፍል። ይህቺ የምነግርሽ ልጅ እኔ ጋ ልትሰፋ ከመጣች ስድስት ዓመት ሆናት። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ሙሽራውን ሁሉ «ቀጥ በይ!» ስለምትል ስሟ ቀጥ በይ ሆኖ ቀረ። እጇ ወርቅ ነው። አንድ አመል ግን ነበራት።

ወንድ ወደዚያች ክፍል ከገባ፣ ጨርቅ አቅራቢም ይሁን የሙሽራ ወንድም፣ የቤቱን አሮጌ ከባድ ካውያ አንስታ በሩ ሥር ትደግፈዋለች፤ እንዳይዘጋ። ብርዱ ቢያንዘፈዝፋት፣ ነፋሱ ጨርቁን ቢያተራምሰው ግድ የላትም።

«ከካውያው ጋር ነው እንዴ የተጋባሽው?» ይሏታል ጓደኞቿ።

«እሱ ቢያንስ አይቀብጥም» ትላለች።

የመጨረሻው ልጄ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው። የማሽን ዘይት ከልብሱ ስለማይለቅ ዘይቴ ነው የምንለው። ማሽን ሊጠግን መጥቶ አያት። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ማሽን በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር።

«ዘይቴ፣ ይሄ ማሽን ምን ነካው?»

«አርጅቷል እማዬ።»

«አምና አይደል እንዴ የገዛነው?»

አንገቱን ደፍቶ ብሎን ፈለገ። እሷም ብትሆን ቀና ብላ ታየውና ክር ስታስገባ ሦስቴ ትስታለች። እሷ! ዓይኗን ጨፍና ክር የምታስገባዋ!

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ከቤተ ክርስቲያን አብረው ይወጣሉ፣ በሰው መሃል እያወሩ ይሸኛታል። በቃ።

አንድ ሰኞ ስንገባ የዚያች ክፍል በር ራሱን በራሱ የሚዘጋ ሆኗል። ዘይቴ ብርዱ አሳዝኖት ስፕሪንግ ገጥሞለታል፤ ካውያውንም ወልውሎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ልጄ የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። በሩ የተበላሸ መስሎት!

ምሳ ሰዓት እኛ ስንወጣ እሷ እዚያችው ክፍል ጥልፍ ልትጨርስ ቀረች። እሱ ሥራውን ሊያሳያት ገባ፤ በሩ ከኋላው ዝግ አለ።

የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ። እጇን ያዛት። አልነጠቀችውም። ፊቱ ቀረበ፣ እስትንፋሱ ግንባሯ ላይ ደረሰ። «እትዬ፣ ልቤ ተነሺ ሲለኝ ገላዬ ትንሽ ቆዪ አለኝ» አለችኝ። ተነሳች። ካውያውን አውርዳ በሩን ከፈተችና ደገፈችው።

እኔ መነጽሬን ረስቼ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ። በሩ ክፍት ነዋ።

«ካልወደድሽኝ ንገሪኝና ልረፍ!» ይላል ልጄ። «ስድስት ወር ሙሉ እንደ ሌባ በር ከፍተሽ ትጠብቂኛለሽ።»

«የምጠብቀው አንተን አይደለም። ራሴን ነው።»

«ከምን?»

መቀሷን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«በፊት በምሠራበት ስፌት ቤት፣ ጨርቅ የሚያመጣልን ባለትዳር ሰውዬ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ… እሁድ እዘምራለሁ፣ ሰኞ በሩን እዘጋለሁ። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ቀን ሚስቱ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ተንበርክኬ የቀሚሱን ጫፍ በስፒል ስይዝላት፣ እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ አለችኝ። በዚያው ቀን ለቀቅሁ። ተናዝዣለሁ፣ ንስሐ ገብቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝም አምናለሁ። ድካሜን ግን አውቀዋለሁ። አንተን ስለምወድህ ደግሞ የባሰ ነው። ካንተ ጋር ተደብቄ መጀመር አልፈልግም።»

ልጄ ቦርሳውን አንስቶ፣ እኔንም ሳያየኝ አልፎኝ ሄደ። እሷ ግን አየችኝ።

«ሰሙ፣ እትዬ?»

«ሰማሁ።»

«እንኳን ሰሙ። ልነግርዎት ነበር፣ አቅም አጥቼ ነው። ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ። ይሄን ጥልፍ ግን ልጨርሰው፤ የሙሽራዋ ሰርግ ቅዳሜ ነው።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሂጂ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለልጄ ወንድ የማታውቅ ሚስት ስጠው እያልኩ ስንት ዓመት ጸልያለሁ! መነጽሬን ይዤ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ልጄ ድርሽ አላለም። እሷ በሰዓቷ ትገባለች፣ ዓይኗ አብጦ ትሰፋለች፣ ሙሽሮቹን ቀጥ በይ ትላለች። እኔ ልጸልይ ስል ቃል እምቢ አለኝ። በወጣትነቴ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ብቻችንን የነበርንበት አንድ ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። ያን ቀን እኔን ያተረፈኝ ጨዋነቴ አልነበረም፤ እናቴ ከገበያ ቀድማ መምጣቷ ነው። ይሄን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እሷ የምትወደውን ሰው ልታጣ እንደምትችል እያወቀች ተናገረች። በኔና በሷ መሃል ጎበዟ ማን ናት?

በአራተኛው ቀን ዘይቴ መሣሪያውን ይዞ ገባ። ማንንም ሳያናግር ስፕሪንጉን ፈታ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በሩን ከፍቶ የሚይዝ መንጠቆ ገጠመ።

«ካውያው ለልብስ ይፈለጋል» አላት። «ተናድጄ ነበር። ቀንቼም ነበር። ግን እኔ ያንቺን ያህል እውነት ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እስከ ሰርጋችን በሩን ብቻሽን አትጠብቂ፤ እኔም ልጠብቅ።»

«የማን ሰርግ?» አለች፣ ስፒሉ ከንፈሯ ላይ እንዳለ።

«ስፒሉን አውጪና እነግርሻለሁ።»

ስፒሉ መሬት ላይ ተበተነ። እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አልኳቸው። «ሦስተኛው ማሽን ብቻ ከእንግዲህ እንዳይበላሽ!»

የሰርጓን ቀሚስ ራሷ ሰፋች። የለበስሽውን ልብስ ጫፍ ግን ራስሽ መለካት አትችይም። ስፒሉን ይዤ፣ በዚህ በሚያመኝ ጉልበቴ፣ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። ልታነሳኝ ጎንበስ አለች። ምን እንዳስታወሰች ገብቶኛል።

«ቀጥ በይ፣ ልጄ» አልኳት።

ቀጥ አለች።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እንዲህ ያለ ነገር ልትነግርሽ የመጣች ልጅ ካለች፣ እስክትጨርስ ድረስ ስሚያት።