ከሰማያዊው ቀለም ሥር

«ሌላ ባልዲ ጨምሪ» አለ መሐንዲሱ የሚባለው ልጅ፣ ከጀልባዋ ሥር በጀርባው እንደተኛ።

ድንቢጥ ባልዲውን አንስታ ጀልባዋ ውስጥ ገለበጠችው። አሮጌዋ የአሉሚኒየም ጀልባ ድንጋይ ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የተሞላችው ውኃ በየቀዳዳው እየሾለከ መሐንዲሱ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ግን ጠመኔውን አልጣለም። ውኃ በወረደበት ሁሉ ክብ እየሠራ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ «እዚህም... እዚህም... እዚህማ ተይው» ይላል።

«የማታፈስበትን ቦታ ብታከብ ቶሎ በጨረስክ ነበር» አለችው።

ሐሳቡ የእሱ ነው። ጀልባዋን ውኃ ላይ አስቀምጦ ከመስጠም፣ ውኃውን ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጦ ቀዳዳዋን ማወቅ ይሻላል ብሎ። እውነትም ሠርቷል። አንድ ነገር ብቻ ተረሳ፤ ውኃው የድንቢጥ እናት ለልብስ አጠባ በርሜል ሙሉ ያጠራቀመችው ነበር። እናቷ የልብስ ክምር ታቅፋ ብቅ ስትል በርሜሉ ባዶ፣ ግቢው ጭቃ፣ የሰው ልጅ ደግሞ ከጀልባ ሥር ተዘርሮ ጠበቃት።

«ጀልባ ሐይቅ ውስጥ ይገባል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ» አለች ረጋ ብላ። «ሐይቅ ጀልባ ውስጥ ሲገባ ግን ያየሁት ዛሬ ነው።»

ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጀሪካን አስታቀፈቻቸው። በርሜሉ እስኪሞላ ከቧንቧው ሲመላለሱ ዋሉ።

ጀልባዋ የድንቢጥ አያት ንብረት ናት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ያጠመዱባት፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ጓሮ ውስጥ ገልብጠው የተዋት። «እኔና እሷ ጡረታ የወጣነው ባንድ ቀን ነው፤ አትቀስቅሷት» ይሉ ነበር። ልጆቹ ዶሮዎቹን ከሥሯ አስወጥተው እድፍና አሮጌ ቀለሟን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ሲጀምሩ ግን ወንበራቸውን አስወጥተው ከአጠገቧ ተቀመጡ። ካንገት በላይ ያጉረመርማሉ እንጂ ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ የሚያነሳቸው ምሳ ብቻ ነው።

ያን ሁሉ ዘመን ሐይቅ ላይ ኖረው ዋና አይችሉም። ድንቢጥ አንድ ቀን ለምን እንዳልተማሩ ጠየቀቻቸው።

«ዋና የሚማር ለመስጠም ያሰበ ነው» አሉ።

መሐንዲሱ ደግሞ የክፍሏ ልጅ ነው። ስሙን ያወጡለት የትምህርት ቤቱን ደወል «አሻሽለዋለሁ» ብሎ የፈታታው ጊዜ ነው። ደወሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ደውሎ አያውቅም፤ ዘበኛው እስከ ዛሬ በፉጨት ነው የሚያስገባቸው።

የጀልባዋ ገላ የተያያዘው ሪቬት በሚባሉ፣ የካፖርት ቁልፍ በሚያካክሉ ብረቶች ነው። ውኃ የሚያስገቡት የላሉት ናቸው። ሪቬት የሚጠብቀው ደግሞ በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከውስጥ ከባድ ብረት ይደግፋል፣ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ይመታል። የፊተኛውን ግማሽ እንደዚያ ጨርሰው ወደ ኋላ ሊዞሩ ሲሉ የድንቢጥ አክስት ቤት ቀየረች። እናቷም «ዕቃ ታግዣታለሽ» ብላ ላከቻት።

«ሂጂ ባክሽ፣ ለኔ ተይው» አለ መሐንዲሱ።

እሑድ ማታ ስትመለስ ጀልባዋ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሰማያዊ ሆናለች። ታበራለች። አንዷ ዶሮም ግማሽ ጎኗ ሰማያዊ ሆኗል።

«ዶሮዋ ምን ሆና ነው?»

«አስተያየት ልትሰጥ መጥታ ነው።»

«የኋላዎቹ ሪቬቶችስ?»

«አለቁ።»

«ብቻህን?»

«እህቴ ረዳችኝ» አለና ብሩሹን ማጠብ ያዘ።

ሰኞ ዕለት ጀልባዋ ቅዳሜ ሐይቅ እንደምትገባ ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ማክሰኞ ሠፈሩ ሰማ። አያቷም ቤት ውስጥ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሐሙስ ጠጉራቸውን ተስተካክለው መጡ፤ ጺማቸው ሳይቀር። የሰው ሠርግ ሲኖር ብቻ የሚለብሱትን ኮት አውጥተው ለእናቷ ሰጡ። «ተኩሺው፤ ሳጥን ውስጥ ተጨማደደ» አሉ፣ ምክንያቱ ሌላ እንደሆነ ሁሉ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ድንቢጥ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀልባዋ ጋ ሄደች። ለስላሳውን ቀለም እየዳበሰች ወደ ኋላ ስትደርስ አውራ ጣቷ የሆነ ነገር ውስጥ ሰመጠ። ሳብ ስታደርገው ሰማያዊው ቆዳ ተገሸለጠና ከሥሩ ነጭ ነገር እንደ ክር ተጎተተ። አሸተተችው። ቀዝቀዝ የሚል፣ የምታውቀው ሽታ ነው።

ማስቲካ። ቀጣዩም ማስቲካ። የቀጣዩም ቀጣይ።

መሐንዲሱ በዚያው ሰዓት ባዶ የውኃ ፕላስቲኮችን በገመድ ጠፍሮ የሠራውን መንሳፈፊያ ለብሶ፣ እየተንኳኳ ገባ። «ለአባባም አንድ ሠርቼላቸዋለሁ» አለና ጣቷን አየ። ቆመ።

«እህቴ ረዳችኝ ብለህ አልነበር?»

«ረድታኛለች» አለ ቀስ ብሎ። «ግማሹን ያኘከችው እሷ ናት።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። «አባባ ዋና አይችሉም እኮ።»

«አንዱን መታሁት። አመለጠኝና ቀዳዳው ጭራሽ ሰፋ። ሁለተኛውን ለመምታት እጄ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። አንቺ ገና ከመግባትሽ ‹ብቻህን?› አልሽኝ። እንደ ደወሉ አበላሽቼው እንደሆነ አድርገሽ ነው ያልሽው።» መሬት መሬቱን እያየ ፕላስቲኮቹን ነካካ። «መዶሻውን አንድ ቀን ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ? ሁሌ አንቺ መቺ፣ እኔ ብረት ደጋፊ። ሳነሳው ‹ቆይ እኔ› ነው የምትይው።»

ድንቢጥ ባለፈው ሳምንት ብቻ ስንቴ «ቆይ እኔ» እንዳለች ትዝ አላት።

«ነገን ብቻ እንለፋት» አለ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ። «ማስቲካን አትናቂ። የክፍላችን ወንበር ሥር የተለጠፈው ከኛ በፊት የነበሩት የለጠፉት ነው፤ ማን አስለቀቀው? ዳር ዳሩን አንድ ዙር ሄደን እንመለሳለን። ከዚያ እንጠግናታለን። አቦ፣ ሁሉም እኮ ሊመጡ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ሙድ ሊይዙብኝ ነው።»

ስለ ወንበሩ ያለው እውነት ነበርና ለአፍታ ልቧ አመነታ። ይህን ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተ።

አያቷ የተተኮሰውን ኮት ለብሰዋል። ለመለካት ያህል ነው፤ ቢሆንም እስከ ላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ ነበር። ጀልባዋን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ እግራቸውን በቀስታ አነሱና ገብተው መቀመጫዋ ላይ ተቀመጡ። እጆቻቸው የሌለ መቅዘፊያ ጨበጡ።

«እንዴት ነኝ?» አሉ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። «እሱ ነው» ብትልም ነገሩ በሁለት ቃል ያልቃል። ሁለቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ሁለቱንም አልወደደቻቸውም።

«አባባ፣ ነገ አንሄድም» አለች። «የኋላዎቹ ሪቬቶች አልተመቱም።»

«ቀለም ተቀብተው የለ?»

«ቀለሙ ቀደመ።»

«ማን አስቀደመው?»

ድንቢጥ ዓይኗን ከጀልባዋ አላነሳችም። አጠገቧ ፕላስቲኮች ተንኳኩ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ መሐንዲሱ። «ቀዳዳዎቹን በማስቲካ ነው የደፈንኳቸው።»

አያቷ ከመቀመጫቸው ጎንበስ ብለው አንዱን በጥፍራቸው ጫሩ፤ አሸተቱ።

«ይኼን ሁሉ አኝከህ ጥርስህ እንዴት ነው?»

«ያመኛል።»

«ይበልህ።» ኮታቸውን እየሰበሰቡ ወረዱ። «እኔ ደግሞ በጉብዝናዬ ጊዜ በሳሙና ደፍኜ ወጥቻለሁ። አልሰጠምኩም። ዓሣው ሁሉ ሳሙና ሳሙና ሸተተና ግን የሚገዛኝ ጠፋ።» ልጆቹ ሳቅ ሊሉ ሲሉ ፊታቸውን አዩና ተዉት። አያቷ እየሳቁ አልነበረም። «ለነገ ብዬ ነበር የተስተካከልኩት» አሉ፤ እንደ ልጅ አኩርፈው ገቡ። በሩም ከወትሮው ጠንከር ብሎ ተዘጋ።

በማግሥቱ የክፍሉ ልጆች ዳቦና ኳስ ይዘው በር ላይ ተሰበሰቡ። ድንቢጥ ወጥታ ልትነግራቸው ስትል መሐንዲሱ ቀደማት። መንሳፈፊያውን እንደለበሰ ነበር፤ የገመዱ ቋጠሮ ማታ አልፈታ ብሎት አብሮት አድሯል። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ እህቱ ስላኘከችው ጭምር። ሳቁ ሦስተኛ ግቢ ድረስ ተሰማ። ንግግሩን ሳይጨርስ ከመሐንዲስነት ተሽሮ «ማስቲካው» ተባለ። ገሚሶቹ እየተነጫነጩ ሄዱ። ገሚሶቹ ደግሞ ነጻ ትርኢት አይለፈን ብለው አጥሩ ላይ ወጥተው እግራቸውን አንጠለጠሉ።

ድንቢጥና እሱ ጀልባዋን ገለበጡ። ማስቲካውን በቢላዋ ፈለቀቁ፤ የሰፋውን ቀዳዳ ለመጨረሻ ተዉት። የአያቷ መስኮት መጋረጃ በትንሹ ገለጥ አለ።

እሱ መዶሻውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣና፣ እጀታውን ወደ እሷ አዙሮ፣ ሌላ ቦታ እያየ ዘረጋላት።

ድንቢጥ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራረገች። ዳግም ቢስት ሌላ ቀዳዳ ይሰፋል። ጎንበስ አለችና መሬት ላይ የተቀመጠውን ከባዱን ብረት አንስታ ከጀልባዋ ሥር ገባች።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ ይሞቃል፣ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። በጣቷ የመጀመሪያውን ሪቬት ፈልጋ ብረቱን አስደገፈችበት።

«ድንቢጥ» አለ ድምፁ፣ ከቆርቆሮው ማዶ በጣም ቅርብ ሆኖ። «ካመለጠኝስ?»

ብረቱን በሁለት እጇ አጥብቃ ትከሻዋን ደገፈችበት።

«ይዤዋለሁ» አለች። «ምታ።»