የስምንት ቀን ዕረፍት በኮራሉ ዳርቻ

ኢንጂነሩ የመጥለቂያ መነጽሩን ፊቱ ላይ ለጠፈ።

«ማሰሪያውን ይተዉት» አለው ማንኪያ። «በአፍንጫዎ አየር ይሳቡና እጅዎን ይልቀቁ። ካልወደቀ ልክዎ ነው።»

ኢንጂነሩ ሳበ። እጁን ለቀቀ። መነጽሩ አልወደቀም።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ጫማ ሰፊው ዘንድ ተቀምጦ በመስኮቱ ያያቸዋል። አንድ እግሩ ጫማ አጥልቋል፤ ሌላው በካልሲ ነው። አርባ ደቂቃ ሞላው። በአርባ ደቂቃ የአንድ ክፍለ ጦር ጫማ ተሰፍቶ፣ ተቦርሾ፣ ሰልፍ ይወጣል።

ተከታይ ነው፤ ኢንጂነሩን እንዲሰልል የተላከ።

ማንኪያ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ዘረጋ። ኢንጂነሩ መነጽሩን ሲመልስለት በአፍንጫ ማስገቢያው ጎማ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ሜሞሪ ካርድ ነበረች። ማንኪያ መነጽሩን በጨርቅ ወለወለ። ጨርቁን ኪሱ ከተተ። ካርዷም አብራ ገባች። ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ እንዲህ ያማረ ርክክብ ተደርጎ ከሆነ ማንኪያ አልሰማም።

«ይሄ ይሁን?»

«ይሁን» አለ ኢንጂነሩ። ከንፈሩ ደርቋል።

የኢንጂነሩ ሚስት ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ብቅ አለች። የዳክዬ እግር የሚመስለውን ረጅም የመዋኛ ጫማ አጥልቃ፣ ጉልበቷን እስከ ደረቷ እያነሳች ነው የምትራመደው። ፋርማሲስት ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ይህ የመጀመሪያ ዕረፍታቸው ነው። በዚህ አረማመድ ለሠርጋችን ብመጣ ኖሮ ታገባኝ ነበር ወይ ብላ ባሏን ጠየቀችውና መልሱን ሳትጠብቅ ራሷ ሳቀች። ሳቋ ሰባት ሱቅ አልፎ ይሰማል። ጫማ ሰፊው እንኳ ቀና አለ።

ኢንጂነሩ አልሳቀም። ዓይኑን ሳይነቅል ያያት ነበር።

«ማንኪያ» የምስጢር ስም ነው። ያወጣለት አለቃው ጋሼ ነው፤ ድስት ሁሉ ውስጥ ይገባል፣ ታጥቦ ወደ መሳቢያው ይመለሳል፣ ምን እንደ ቀመሰ ማንም አይጠይቀውም ብሎ። እዚህ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ የስኩባ ዕረፍት አዘጋጅ ሆኖ ከተቀመጠ አሥራ አራት ወሩ ነው። ሽፋኑ ከሥራው በልጦበታል። ከሻርክ ጋር ተፋጥጦ ሻርኩ እንዳፈረ፣ አንድ ኦክቶፐስ ስምንቱንም እጁን ዘርግቶ እንደ ጨበጠው፣ ሦስት መቶ ጊዜ እንደ ጠለቀ ሲያወራ ደንበኛው ሻንጣ ሊሸክፍ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እውነቱ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። እሱንም ያስተማረው ጋሼ ነው። ጋሼ በባሕር ኃይል ሃያ ዓመት ጠላቂ ነበር።

ኢንጂነሩ የወዲያኞቹ፣ የባላንጣው የስለላ ድርጅት፣ ሰው ነው። ካርዷ ላይ ያለው ከማንኪያ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ለወዲያኞቹ ምስጢር የሚያቀብሉ ሰዎች ዝርዝር ነው።

ዕቅዱ ይህ ነበር። ባልና ሚስት ለስምንት ቀን ወደ ኮራሉ ዳርቻ ይሄዳሉ። በስድስተኛው ቀን ኢንጂነሩ ይጠልቃል፤ እሷ ጀማሪ ስለሆነች ጀልባው ላይ ትጠብቃለች። እሱ ግን አይወጣም። ከውኃው በታች ሆኖ በኮራሉ የድንጋይ ግንብ ሰሜናዊ ክፍተት ይሾልክና ማዶ ሁለተኛ ጀልባ ይቀበለዋል። ዓለም ሰጠመ ይላል። ሚስቱ ሦስት ወር ታለቅሳለች። ከዚያ ጋሼ ብቻውን በሚያውቀው መንገድ አውጥቶ ከባሏ ያገናኛታል።

ኢንጂነሩ ለዚህ ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር። እሷን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የዕቅዱ የመጨረሻ ገጽ ከጋሼ መጣ። ማንኪያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ይገለብጠው ጀመር። ስድስተኛ ቀን። ሦስት ሰዓት፣ መጥለቅ፣ ሠላሳ ሜትር። አራት ተኩል፣ ሁለተኛው ጀልባ። ስድስት ሰዓት፣ አነስተኛ አውሮፕላን።

ጣቱ ቆመ።

ጠልቆ የወጣ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሳያርፍ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ደሙ ውስጥ የታመቀው አየር ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ተነቅንቆ እንደ ተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ይገነፍላል። ማንኪያ ይህን ለደንበኞቹ አሥር ሺህ ጊዜ ተናግሯል። የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ያልፈዋል፤ ቢሮው ውስጥ ያሉት አዳዲስ ሠራተኞች በየሳምንቱ ይሳሳቱታል። ጋሼ ግን አዲስ ሠራተኛ አይደለም። ማንኪያን ሲያሠለጥን ይህችን ሕግ መቶ ጊዜ በእጁ ያስጻፈው እሱ ነው። ዓመታት የለመደ እጅ እንዲህ የሚሳሳተው ተሳፋሪው አውሮፕላኑ ድረስ እንደማይመጣ ካወቀ ብቻ ነው።

አውሮፕላን የለም።

ማንኪያ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈ። የተከለከለውን አደረገ። ካርዷን ስልኩ ውስጥ ከትቶ ከፈታት።

የመጀመሪያው መስመር ላይ የጋሼ የምስጢር ስም ነበር።

የማንኪያ እናት ስትሞት የሬሳ ሳጥኗን ከፊት የተሸከመው ጋሼ ነው። ማንኪያ ቧንቧውን ከፍቶ ውኃው እንዲጮህ አደረገ። ከዚያ አለቀሰ። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በላይ ቢቆይ ባልደረቦቹ በሩን ያንኳኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጥርስ ሐኪም ቤት መጠባበቂያው ውስጥ ተገናኙ። ጋሼ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ተቀምጧል፤ ላየው ሰው የታመመ ጥርሱ ከነሥሩ የሚጮህ ይመስላል። ማንኪያ ከጎኑ ተቀመጠ። መካከላቸው የቆየ መጽሔት። መጽሔቱ ውስጥ ካርድ።

«ዕቃው ነው?»

«ነው። ተቆልፏል ግን። መክፈቻው ቃል ኢንጂነሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ጀልባ ላይ ሲወጣ እነግራችኋለሁ ብሏል።»

ሌላ አለቃ ቢሆን ያልበው ነበር። ሰውየው ከሞተ ዝርዝሩም ሞተ ማለት ነው። ጋሼ ግን ፈገግ አለ። ጥርሱን መታመሙንም ረሳ።

«ደግ። በሰላም ይድረስልን።» ከዚያ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል ጠየቀ። «ፕሮግራሙን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምንም አላሰናከለህም?»

ማንኪያ በሕይወቱ ሙሉ ራሱን አሳንሶ አያውቅም። አንድ ሜትር ዘሎ ሦስት ነው ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ትንሽ መሆን ነበረበት፤ ከሁሉም ትንሽ።

«እኔ እኮ የፖስተር ጠላቂ ነኝ፣ ጋሼ። ያስተማሩኝን በሁለት ሳምንት ነው የረሳሁት። ሰዓቱን ብቻ ነው የገለበጥኩት።»

ጋሼ ዞሮ አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«አንተ መቼም አትረባም» አለና ጉልበቱን መታ መታ አደረገው፤ እንደ አባት።

ጋሼ መጽሔቱን ይዞ ወጣ። ካርዱ ላይ ያለው ከቢሮው ብሮሹር የተለቀመ የሁለት መቶ ዓሣ ፎቶ ነው፤ ጥብቅ ተደርጎ ተቆልፏል።

ከሰዓት በኋላ ማንኪያ ባልና ሚስቱን ለመጨረሻ ገለጻ ብሎ ጠራቸው። እሷን ጥጉ ላይ ካለው ስክሪን ፊት አስቀምጦ የባሕር ኤሊ ፊልም ከፈተላት። ኢንጂነሩን ካርታው ላይ አስጎነበሰው። በአራት ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ነገረው፤ ጋሼን፣ የሌለውን አውሮፕላን፣ በሰሜኑ ክፍተት የሚጠብቀውን ሞት፣ በደቡቡ ክፍተት ማንኪያ ራሱ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ እንደሚጠብቀው። ከዚያ በጀልባ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ከዚያ ሁለት ቀን በጭነት መኪና።

ኢንጂነሩ ጣቱን ከካርታው ላይ አላነሳም።

«እሷስ?»

«የሦስት ወሩ መንገድ የጋሼ ነበር። ሌላ መንገድ የለም።»

«እነግራታለሁ።»

«ከነገሯት አታለቅስም። ካላለቀሰች ወዲያኞቹ ያውቃሉ። ካወቁ እሷን ነው የሚይዙት።»

«ብቀርስ?»

«ዝርዝሩ መቀዳቱን ደርሰውበታል። ማዶ ያለው ሰውዬ ጫማ ሊያሰፋ አይደለም የመጣው። ሳምንት አይሰጥዎትም። ሁለታችሁንም ነው የሚይዙት።»

በዚህ ጊዜ እሷ ጥጉ ላይ ሳቀች። ኤሊው አፍጥጦ አይቷት፣ እንደማትረባ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። ና እየው አለችው ባሏን፤ ቁርጥ እናትህን ይመስላል። ኢንጂነሩ ቀና ብሎ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ፣ ለማንኪያ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ቤቴን የማውቀው በዚህ ሳቅ ነው። ጨለማ ውስጥ ብትጥለኝ እሱን ተከትዬ እገባለሁ።»

ከዚያ ካርታውን አጠፈና ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አብሯት አየ።

ስድስተኛው ቀን።

ማንኪያ በደቡቡ ክፍተት ሞተር አጥፍቶ መረብ እየጠገነ ነው። መረብ ጠግኖ አያውቅም። በሰሜኑ በኩል ነጭ ጀልባ ቆሟል። ሁለት ሰዎች። አንደኛው የመጥለቂያ ልብስ ለብሷል፤ ጭኑ ላይ ቢላዋ ታስሯል። በኮራሉ ማዶ የዕረፍተኞቹ ጀልባ ባንዲራውን ሰቅሏል። ከዚህ ሲታይ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ሦስት ተኩል።

ባለ ቢላዋው ሰው ተነስቶ ውኃው ውስጥ ገባ።

ሦስት ሰዓት ከአርባ። የኢንጂነሩ አየር እያለቀ ነው።

አረፋ የለም።

ማንኪያ መጸለይ ፈለገ። ለደንበኛ ካወራው ውሸት ሌላ ግን አፉ ላይ የመጣለት ነገር አልነበረም።

አረፋ።

አንድ። ከዚያ ብዙ። ከዚያ ጥቁር ጭንቅላት።

ጎትቶ አስገባው። መረብ አለበሰው። ኢንጂነሩ ከጀልባው ወለል ላይ ተጋድሞ አየር ሳበ። ማንኪያ ሞተሩን ሊያስነሳ ገመዱን ያዘ፤ ግን አሁን ቢያስነሳ ነጩ ጀልባ ይሰማል። መጠበቅ ነበረበት።

ሲጠብቁ ነው የሰሙት።

ጠፍጣፋ ባሕር ድምፅ ይሸከማል። በመጀመሪያ አስጎብኚው ነው የተጣራው። ከዚያ እሷ። የባሏን ስም። ተራራ ላይ እንዳለች፣ አፏን በመዳፏ ከባ፣ ደጋግማ። በመጀመሪያ ልታስቀው እንደፈለገች ዓይነት ነበር፤ ና ውጣ እንግዲህ፣ ቀልድህ ገባን የሚል ድምፅ። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ።

ኢንጂነሩ መረቡን በጥርሱ ነከሰ። ማንኪያ ትከሻውን ተጭኖ ያዘው። ኢንጂነሩ ለመነሳት ሲታገል ሁለት ጊዜ ሊገለብጠው ነበር። አርባ ደቂቃ እንዲሁ ያዘው።

ከዚያ ነጩ ጀልባ ባዶውን ዞሮ ሄደ።

እውነተኛዋ ካርድ ከጋሼ በላይ ወዳለው ሰው እጅ ገባች። ጋሼ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከቤቱ ተወሰደ። ፒጃማውን እንኳ እንዲቀይር አልጠበቁትም አሉ። ከዝርዝሩ አሥራ አንድ ሰዎች ተለቀሙ፤ ኢንጂነሩ በአዲስ ስም ማንኪያ ወደማያውቀው አገር ሄደ። ማንኪያ ስለ ሴትየዋ ጠየቀ። ከላይ ያለው ሰው መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። ሴትየዋ የዕቅዱ አካል አይደለችም ብሎ መልሶ አጠለቀው።

ሽፋኑ እንዳይጠረጠር አንድ ወር ቢሮው መቆየት ነበረበት። በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተከፈተና ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ማዶ ሌላ ተከታይ፣ ሌላ ሰበብ፤ አንዲት ሴት ቆማ ስልክ ታወራለች።

ቁጭ አለች። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ አለችው፤ ኤሊ አለ ስለተባለ። ማንኪያ የእርስዎ ጥፋት አይደለም አላት። ሁሉም እንዲሁ ይሉኛል አለች።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት ካርታው ላይ አጎንብሳችሁ ስትንሾካሾኩ አይቻለሁ። ምን እያለህ ነበር?»

ማንኪያ ለዚህ ጥያቄ አምስት ውሸት አዘጋጅቶ ነበር። አምስቱም ዓለም የሚያጨበጭብላቸው ናቸው።

«ስለ እርስዎ ሳቅ ነው የነገረኝ» አላት። «ጨለማ ውስጥ ብሆን እንኳ እሱን ተከትዬ ቤቴን አገኛለሁ አለኝ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አለቃቀሷ መንገድ ማዶ ይሰማል። ማዶ ያለችው ሴት ስልኳን ዘጋች፤ ትንሽ አየቻቸው፤ አንድ ነገር ጽፋ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ሚስቲቱን የተከተላት የለም። ለእሷ የተናገረው ብቸኛ እውነት ሥራውን ከውሸቶቹ ሁሉ አሳምሮ ዘጋለት።

በቀጣዩ ወር መጀመሪያ የስኩባ ዕረፍት አዘጋጁ ሥራ ለቀቀ። በሌላ ከተማ አንድ የወለል ንጣፍ መሸጫ ዝምተኛ ሠራተኛ ቀጠረ። ንጣፍ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ያሽጋል። አንድ ቀን ባልደረባው ከዕረፍት ሲመለስ በምሳ ሰዓት ስለ ባሕሩ አወራለት፤ ስለ ኮራሉ፣ ክንድ ስለሚያህለው ዓሣ፣ ውኃው ውስጥ ዓይን ለዓይን ስለተያዩት ነገር። ማንኪያ እያዳመጠ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰ።

«አንተስ፣ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ።