ጎበዜ፣ ቀና በል!

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። ዛሬ ግን ላም የለም፣ በረትም የለም። ዛሬ ያለው አንድ ሆዳም ኮምፒውተር ነው።

ስሙ ጎበዜ ነው። ጎበዜ እጅ የለውም፣ እግር የለውም፣ አፍም የለውም። በላፕቶፕ ውስጥ የሚኖር፣ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ነው።

የሠራችው የረድኤት እናት ናት። ስሙን ያወጣችለት ግን ራሷ ረድኤት ናት። ረድኤት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስም ማውጣት ትችላለች።

ጎበዜ ሲያስብ «ጢጥ… ጢጥ…» ይላል። ሲበላ ደግሞ «ጓ!» ይላል።

ቼዝ ላይ መብላት ማለት የሌላውን ሰው ጠጠር ከሰሌዳው ላይ ማንሳት ነው። ጎበዜ መብላት ይወዳል። ኧረ በጣም ነው የሚወደው!

ቅዳሜ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ልጆች ቼዝ ይጫወታሉ። ከልጆቹ ጋር የሚጫወት ፕሮግራም ተፈልጓል።

ረድኤት ለክፍሏ ልጆች በሙሉ «የእኛ ጎበዜ ይመጣል» ብላ ነግራቸዋለች። ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ነግራለች።

ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ፈተና ላከ። ፈተናው አሥር ሥዕል ነው፤ በየሥዕሉ ላይ አንድ የሚያጓጓ ጠጠር አለ።

አሥሩንም ፈተና እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ያለፈ ፕሮግራም ቅዳሜ ይጫወታል። ያላለፈ ቤቱ ይቀመጣል።

ረድኤት ጠጠሮቹን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ልክ እንደ ሥዕሉ ደረደረች። እማዬ ደግሞ ያንኑ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ነጮቹ ጠጠሮች የጎበዜ ናቸው። ጥቁሮቹ የረድኤት።

አንደኛ ፈተና! አንድ ትንሽ ጥቁር ወታደር ብቻውን ቆሟል። ኧረ ብቻውን እንኳ አይደለም፤ ከኋላው ጎን ሌላ ወታደር ይጠብቀዋል።

ጢጥ… ጢጥ… ጓ! የጎበዜ ንግሥት ትንሹን ወታደር በላችው።

ጠባቂው ወታደር ምን አደረገ? ንግሥቲቱን ላፍ!

ጎበዜ በላ። ጎበዜ ተበላ።

«ሳሩን አየ፣ ገደሉን ሳያይ» አለች እማዬ፤ እንደዚያ በሬ ማለቷ ነው። ንግሥትን ያህል ነገር ለአንድ ወታደር!

ሁለተኛ ፈተና! የጎበዜ ንጉሥ ቤቱ ተቀምጧል። ግንብ የሚባለው ጠጠር ደጃፉን ይጠብቅለታል። ራቅ ብሎ አንድ ጥቁር ፈረስ ቆሟል፤ የሚያምር፣ የሚያጓጓ ፈረስ።

ጢጥ… ጢጥ… ጓ! ግንቡ ደጃፉን ጥሎ ሄደና ፈረሱን በላ።

የረድኤት ግንብ በባዶው ደጃፍ ዘው አለ። ንጉሡን ከፊት የራሱ ወታደሮች ዘግተውበታል፤ ማምለጫ አጣ፤ ተያዘ።

ጎበዜ በላ። ጎበዜ ተበላ።

ሦስተኛው ፈተና ላይ በላ፣ ተበላ። አራተኛው ላይ በላ፣ ተበላ። አምስተኛውን አልነግራችሁም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እማዬ አንገቷን አሸት አሸት አደረገች። «ለዘንድሮ ይቅርብን መሰለኝ» አለች።

ወይኔ፣ ረድኤት! ለክፍሏ ልጆች ምን ልትላቸው ነው? ለዘበኛውስ?

ኳ! ኳ! ኳ!

ጎረቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ናቸው። አንድ ሳህን ሙሉ ቦምቦሊኖ ይዘው መጥተዋል፤ ድብልብል፣ ቀይ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ቦምቦሊኖ።

«እንኩ ልጆች፣ ብሉ» አሉ።

የረድኤት ወንድም ያፌት ሦስት ዓመቱ ነው። ማንንም አላየም። እጁን ሰደደና ጓ!

«ፉ! ፉ! ፉ! ፉ!» ቦምቦሊኖው ገና ከዘይት መውጣቱ ነበር። ያፌት ምላሱን አውጥቶ ቤቱን ዞረው።

ያፌት በላ። ያፌት ተለበለበ።

ረድኤትም እጇን ዘርግታ ነበር። ግን ከመንካቷ በፊት ቀና ብላ እማዬን አየች።

ሰው ምግብ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚታየው የእናት ዓይን ነው። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፤ አታውቁም እንዳትሉኝ።

የእማዬ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። «ቆይ» ማለት ነው። ረድኤት ቆየች።

እጇ አየር ላይ እንዳለ ያፌትን አየችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አየችው። ከዚያ እንደገና ያፌትን።

«እማዬ፣ ጎበዜ ቀና ብሎ አያይም!» አለች። «ፊት ለፊቱ ቁጭ ብያለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኝም።»

እማዬ መጀመሪያ አልገባትም። ረድኤት አስረዳቻት። ጎበዜ ከመብላቱ በፊት ቀና ብሎ፣ «ይህን ብበላ ረድኤት ምን ታደርጋለች?» ብሎ ማሰብ አለበት።

«አሃ!» አለች እማዬ። ከዚያ ወንበሯን ሳበችና ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ!

ለጎበዜ ሁለት ክብ ዓይኖች ሣለችለት። ማሰብ ሲጀምር ዓይኖቹ ወደ ላይ እንዲያዩ፣ ረድኤት ከምትመልሰውም እንዲጠነቀቅ አደረገች። እትዬ ብዙነሽም ወደ ቤታቸው መሄዱን ትተው ቁጭ አሉ።

እንደገና አንደኛ ፈተና! ትንሹ ወታደር ቆሟል።

ጢጥ… ጢጥ…

«ጎበዜ፣ ቀና በል!» አለች ረድኤት።

ዓይኖቹ ቀና አሉ። ጢጥ… ጢጥ… ጓ የለም! ንግሥቲቱ ወታደሩን ትታው በጎኑ አለፈች።

ሁለተኛው ላይም ጓ የለም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው ላይም የለም። ያፌት ምላሱ እንደወጣ ያጨበጭባል።

ሰባተኛ ፈተና! አንዲት ጥቁር ንግሥት ብቻዋን ቆማለች። ጠባቂ የላት፣ ወጥመድ የለ፤ እንዲሁ ተረስታ የቀረች ንግሥት ናት።

ጢጥ… ጢጥ… ጎበዜ ቀና አለ። ጓ የለም።

አሁንስ? አሁን መብላት ነበረበት! የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ተንኮለኞች ናቸው። ከወጥመዶቹ መሃል አንድ እውነተኛ ስጦታ ሸሽገዋል።

እትዬ ብዙነሽ ሳቁ። ጎበዜን ይሉኝታ ያዘው አሉ፤ ልክ ብላ ሲሉት «ጠግቤያለሁ» እያለ ጦሙን ወደ ቤቱ እንደሚሄድ እንግዳ።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ረድኤት ተነሥታ የእማዬን እጅጌ ሳበች።

«እማዬ፣ አንቺ ‹እሺ› ስትዪኝ እበላ የለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። የእናት ዓይን ሁለት ቃል ያውቃል፤ አንዱ «ቆይ» ነው፣ ሌላው «እሺ» ነው። ጎበዜ የተማረው «ቆይ»ን ብቻ ነበር።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! የእማዬ ጣቶች ሮጡ፤ ለጎበዜ «እሺ»ንም ጻፈችለት።

ሰባተኛ ፈተና፣ እንደገና! «ጎበዜ፣ ቀና በል!» አሉ ረድኤትና ያፌት።

ጢጥ… ጢጥ… ጓ! ጥቁሯን ንግሥት በላት። መልሶ የሚበላው ማንም አልነበረም።

ጎበዜ በላ! ጎበዜ አልተበላም!

ስምንተኛውን አለፈ። ዘጠነኛውንም አለፈ።

አሥረኛ ፈተና! ትልቋ ጥቁር ንግሥት በጎበዜ ግንብ ፊት ተገትራለች። «ብላኝ፣ ብላኝ» የምትል ትመስላለች።

ግን ያ ግንብ የንጉሡን ደጃፍ የሚጠብቀው ነው። ረድኤት የራሷን ግንብ ታየዋለች፤ ዘው ለማለት ተዘጋጅቷል።

ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ… አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረው። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ጨብጠዋል።

ረድኤት ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። «ጎበዜ፣ ቀና በል» አለችው በሹክሹክታ።

ዓይኖቹ ቀና አሉ። ጢጥ… ጢጥ…

ጎበዜ ንግሥቲቱን አልነካትም። ከንጉሡ ፊት የቆመውን ትንሽ ወታደር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋው። ለንጉሡ መስኮት ከፈተለት።

አሁን ረድኤት በደጃፉ ብትገባም ንጉሡ በመስኮቱ ያመልጣል። አሥረኛውም ታለፈ!

እማዬ የአሥሩን ፈተና መልስ ለቤተ መጻሕፍቱ ላከች። ሹው! እትዬ ብዙነሽ እልል አሉ፤ ያፌት የምላሱን ነገር ረስቶ ዘለለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስ መጣ። እማዬ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ቅዳሜ ጠዋት ጎበዜንና ረድኤትን እንጠብቃለን» ይላል። ረድኤት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበቻት።

እትዬ ብዙነሽ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ቦምቦሊኖውም አሁን በርዷል። ረድኤት ቀና ብላ እማዬን አየች። እማዬ ራሷን ነቀነቀች፤ «እሺ» ማለት ነው። ረድኤት በላች፣ ያፌትም በላ፤ ማንም አልተለበለበም።

ሳህኑ ላይ አንድ ቦምቦሊኖ ቀረ።

የእማዬ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ ሄደ። ከዚያ ቆመ። እማዬ ቀና ብላ ረድኤትን አየቻት።

ረድኤት ቅንድቧን ወደ ላይ አወጣች፤ ልክ እንደ እማዬ። ቆየች… ቆየች… ከዚያ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

እማዬ ቦምቦሊኖውን አነሣችና ለሦስት ቆረሰችው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቦምቦሊኖ አብሱ። ግን መጀመሪያ ቀና ብላችሁ እዩ።