ለአንድ መቀመጫ ሁለት ሰው

መምህሩና ልብስ ሰፊዋ የተዋወቁት ተጋጭተው ነው። ጥፋቱ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ የሚስማሙም አይመስልም።

ግጭቱ የደረሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ አካል ጉዳተኞች ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ምን መደረግ እንዳለበት የሚመክር አማካሪ ምክር ቤት እያቋቋመ ነበር። አብዛኞቹ አባላት ተሹመው አልቀዋል፤ የቀረችው አንዲት መቀመጫ ናት። ለእሷ የሚመረጠው ሰው ራሱ አካል ጉዳተኛ መሆን አለበት፤ የመሥሪያ ቤቱን ደመወዝ የሚበላ መሆን የለበትም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራስን ችሎ መኖር ምን እንደሆነ ከወረቀት ሳይሆን ከኑሮ የሚያውቅ መሆን አለበት። ይህን አሟላለሁ ያለ ሁሉ ያን ቀን ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ፣ አንዱ የሌላውን ጉዳት በሆዱ እየመዘነ ተራውን ይጠብቃል።

ልብስ ሰፊዋ ዊልቸሯን ከአግዳሚው ጫፍ አስጠግታ ተቀምጣለች። በነጭ በትሩ መንገዱን እየዳሰሰ ወደ ቦታው ሲመለስ የነበረ አንድ ሰው መጣና ጉልበቱን ከጎማዋ ብረት ጋር አጋጨው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ቅድም ሳልፍ እዚህ ጋ ወንበር አልነበረም።»

«አሁን አለ። ሰውም አለበት።»

«ሰውየው ተጎዳ?»

«ሴትዮዋ ደህና ናት። የጮኸው የርስዎ ጉልበት ነው።»

ሰውየው ሳቀና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ዝምታው ሳይጥመው ቀረ መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ እሷ መለስ አድርጎ «ተቀየሙኝ እንዴ?» አላት።

«ኧረ የለም። ፈገግ ብዬ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ይንገሩኝ እንጂ። ካልነገሩኝ ያመልጠኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ነገር ወደደችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሁሉ ፊቷን እያየ ምን እንደጎደላት ይገምታል፤ ገምቶም አያበቃ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ወስኖ ያመጣላታል። ደረጃ ፊት ቆም ካለች ሁለት ጎረምሳ ሳትጠይቃቸው አንስተው ከላይ ያስቀምጧታል፤ መውጣት ይሁን መውረድ የፈለገችው ማንም አይጠይቃትም። ይኸኛው ግን ካልጠየቀ አያውቅም።

ቃለ መጠይቁ ካበቃ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ወጥታ፣ ከሁሉም የተሻሉት ሁለት ሰዎች ተለይተው ከሳምንታት በኋላ እንደገና እንደሚጠየቁ ተናገረች። የሁለቱንም ስም ጠራች። አንዱ መምህሩ ነው፤ ሌላዋ ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ተወዳዳሪዬ መሆንዎ ነው» አላት መምህሩ፣ እጁን ዘርግቶ።

«አንቺ በለኝ። ጉልበትህን የሰበርኩ ሰው ነኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ተወዳዳሪዬ ሆና ቀረች።

በሳምንቱ ሱሪ ለማሳጠር ሱቋ መጣ። ሱሪው ማጠር አያስፈልገውም ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ሳታነሳ አውቃዋለች፤ ግን ገበያ አይገፋም ብላ ዝም አለች። የስፌት መኪናዋ ከሌላው ሰው መኪና ይለያል። ፔዳሉን ከወለል አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች፤ ጨርቁን በሁለት እጇ እየመራች ፔዳሉን በክርኗ ትጫነዋለች። መምህሩ ድምፁን ሰምቶ ገረመውና አሠራሩን ጠየቃት። እጁን ይዛ ፔዳሉ ላይ አሳረፈችለት። እጁን ለማንሳት ሁለቱም አልቸኮሉም።

«አንድ ችግር አለብኝ» አላት። «ጥቁሩንና ግራጫውን ሱሪዬን አልለያቸውም። ተማሪዎቼ ደግሞ ይለያሉ።»

ሁለቱንም አምጣቸው አለችው። ጥቁሩን ከወገቡ በስተውስጥ በኩል አንዲት የክር ቋጠሮ፣ ግራጫውን ሁለት ቋጠሮ አደረገችለት። ቋጠሮዎቹን በጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰ። ልብስ ሰፊዋም ፊቱን ስታይ ቆየች። ማየቷን እንደማያውቅ ታውቃለች፤ ነገሩ ስርቆት ስለመሰላት «እያየሁህ ነው» አለችው።

«ታዲያ እንዴት ነኝ?»

«ክር ተጣብቆብሃል።»

ፍቅር የያዛቸው በዚህ ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል፤ እሷ ግን ከኮሪደሩ ነው ባይ ናት።

አሁን ስለ እናትየው መናገር ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ ቤት ወጥታ፣ ከፊት ሱቅ ከኋላ መኝታ የሆነች ምድር ቤት ተከራይታ መኖር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። ልጇ ወጣች እንጂ እናትየው ከኋላ አልቀረችም። የቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ በአንገቷ ነው። ማለዳ ሳታንኳኳ ከፍታ ትገባለች፣ የታጠበውን ብርጭቆ ታጥባለች፣ የተነጠፈውን አልጋ ታነጥፋለች። ቁልፉን ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «ብትወድቂስ?»

የምክር ቤቱ ነገር የተነሳ ጊዜ ግን እናትየው ቃል ገብታ ነበር። «መንግሥት አምኖ ከሾመሽ እኔ ምን ቤት ነኝ። ያን ቀን ቁልፉን እመልስልሻለሁ።» ስለዚህ ለልብስ ሰፊዋ መቀመጫዋ መቀመጫ ብቻ አልነበረችም። የገዛ በሯ ነበረች። ይህንንም ለመምህሩ አጫውታዋለች።

አንድ አመሻሽ ላይ መምህሩ የሚሰፋለትን ኮት እየለካ ቆሞ፣ አንዱ እጅጌው በስፒል ተይዞ ሳለ፣ በሩ በቁልፍ ተከፈተና እናትየው ገባች።

«እንደምን አመሹ እናቴ» አለ መምህሩ፣ ወደ በሩ ዞሮ።

«ደህና። እርስዎ ነዎት መምህሩ?» የእናትየው አንቱታ ውርጭ ነበር።

መምህሩ ከሄደ በኋላ እናትየው ሳትቀመጥ ተናገረች። «አንቺ አትሄጂ፣ እሱ አያይ። ተያይዛችሁ ገደል ልትገቡ ነው?»

«ገደሉን እኔ አየዋለሁ እማዬ። ወንበሬን እሱ ይይዝልኛል።»

«ቀልጂ አንቺ። እኔ ስሞት ማን እንደሚቀልድልሽ አያለሁ።»

ከሞተች በኋላ እንዴት እንደምታይ ልብስ ሰፊዋ አልጠየቀችም። ብርጭቆዎቹ እንደገና ሲታጠቡ ሰማች።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጸሐፊዋ ስልክ ደወለች።

«ሹመት ያዳብር» አለቻት። «መምህሩ ራሳቸውን አግልለዋል። የቀረሽው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ መጥተሽ መፈረም ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ደስ አላት፤ የቁልፉ ክብደት እጇ ውስጥ የገባ ያህል ተሰማት። ቀጥሎ ግን ሳይጠይቃት ቦታውን እንደለቀቀላት ገባት። መኪናዋን አጠፋች፣ ሱቋን ዘጋች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

መምህሩን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። የጎማዋን ድምፅ ስለሚያውቅ ገና ከደጅ «ተወዳዳሪዬ» አላት።

«አይደለሁም። ተወዳዳሪ ያለው ሰው ነው ተወዳዳሪ የሚባለው።»

«ቁልፉን እንድታገኚ ብዬ ነው» አለ።

«ጠይቀኸኛል?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።»

«እንደዚያ ከሆነ መልሴን ታውቀው ነበር ማለት ነው።»

«ክፉ አላሰብኩም። ስለምወድሽ ነው።»

ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ቃል ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ አስባለት ነበርና ባከነባት።

«እናቴም ስለምትወደኝ ነው» አለችው። «እነዚያ ደረጃ ላይ የሚሸከሙኝ ጎረምሶችም ክፉ አያስቡም። ሁሉም ደግ ነው። አንተ ብቻ ነበርክ የምትጠይቀኝ።»

«አሁን ፊትሽ ምን እያደረገ ነው?» አለ መምህሩ፣ ቀስ ብሎ።

አልነገረችውም። ዊልቸሯን አዙራ ወጣች። መምህሩ የጎማዋ ድምፅ ከኮሪደሩ መጨረሻ እስኪጠፋ አዳመጠ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ አልፈርምም አለች። ሰብሳቢው ነገሩ አልገባቸውም። ሹመት ፍለጋ በር የሚያንኳኳ እንጂ የተሰጠውን የሚመልስ ሰው አይተው አያውቁም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አሏት።

«ብቃቴን ሳታዩ ሰው ስለለቀቀልኝ ብቻ አልሾምም። ሁለተኛው ጥያቄ ብቻዬንም ቢሆን ይደረግልኝ። ካልበቃሁም አልበቃችም በሉኝ።»

«መምህሩን እንዲመለሱ ልትጠይቂያቸው ነው?»

«እሱ የራሱን ይወስን። እኔ አልወስንለትም።»

እናትየው ወሬውን ከጸሐፊዋ ሰማች፤ አንድ ሰፈር ናቸው። ያን ቀን ማታ መጣች፣ ብርጭቆ አላጠበችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጇን እንደ ባዳ እያየች ቆይታ ሄደች።

በቀጠሮው ዕለት ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ያቺው አግዳሚ አጠገብ ነበረች። የነጭ በትር ድምፅ ሰማች። በትሩ ጎማዋን ነካ አደረገና ቆመ።

«ዛሬ ወንበር እንዳለ አውቄ ነው የመጣሁት» አለ መምህሩ። «ማመልከቻዬን እንደገና አስገብቻለሁ። ላሸንፍሽ ነው የመጣሁ።»

«ሞክር» አለችው። ፈገግ ብላ ነበር፤ ይህን ግን አልነገረችውም።

ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ነበር፦ ራስን ችሎ መኖር ምንድን ነው? ልብስ ሰፊዋ ስለ ፔዳሉ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ በር አወራች። ጥሩ አወራች። መምህሩ ደግሞ እንዲህ ማለቱ በኋላ ተሰማ፦ «ብቻን መሥራት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እርዳታ ሁላችንም እንፈልጋለን። ነገሩ ውሳኔው የማን ነው የሚለው ነው። እኔ ራሴ ስንት ዓመት በሰው ውሳኔ ስናደድ ኖሬ፣ በቅርቡ በምወደው ሰው ላይ ሳልጠይቅ ወሰንኩ። በጎ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ይህ ስህተት እንዴት ጣፋጭ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ሌላው ሲሳሳት ቶሎ እነቃበታለሁ ብዬ አስባለሁ።»

መቀመጫዋን ሰጡት። በአንድ ድምፅ ልዩነት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ያስተማረችውን ይዞ ልብስ ሰፊዋን አሸነፈ፤ ዓለም እንዲህ ናት።

በማግስቱ ማለዳ የልብስ ሰፊዋ በር ተንኳኳ። ያን ሰዓት የሚመጣ ደንበኛ የላትም። ከአልጋዋ ወደ ዊልቸሯ እስክትሸጋገር፣ በሩ ዘንድ እስክትደርስ ጊዜ ወሰደ። የሚያንኳኳው ሰው አልደገመም፤ አልሄደምም። ከፈተች። እናትየው ናት፤ ቁልፉ በእጇ ነው።

«ቆየሁብሽ እማዬ።»

«እየመጣሽ ነበር። የጎማሽን ድምፅ ሰማሁት።»

ገባችና ቁልፉን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ከተሾምሽ ነበር ያልኩት» አለች።

«አልተሾምኩም እኮ።»

«አልተሾምሽም። ግን የተሰጠሽን መለስሽ። እኔ የሰጠሁሽን ግን መልሰሽ አታውቂም። እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው አይደል የምትቀበይኝ? ስንቱን እንደዚህ ተቀብለሽኛል?»

ልብስ ሰፊዋ ልትዋሽ ፈልጋ ነበር። «ብዙ» አለች።

እናትየው ራሷን ነቀነቀች። ስትወጣ በሩን ከውጭ ሳበችው፤ መዘጋቱን ግን ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጋ አረጋገጠች። እናት እናት ናት።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ መጣ። ለምክር ቤቱ የመጀመሪያ ስብሰባ የሚለብሰው ኮት ገና እጅጌው አላለቀም።

«ተወዳዳሪዬ፣ ተቀይመሻል?»

«ለተሸነፍኩት ከፍቶኛል። ይኼ መከፋት የኔ ነው። ላባብልሽ እንዳትለኝ።»

«እሺ» አለና ተቀመጠ። አላባበላትም። እሷ እጅጌውን ስትሰፋ፣ እሱ የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ ብዙ ቆዩ። ከብዙ ሰው ጋር ካወራችው ይልቅ ይህ ዝምታ አሳረፋት።

ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አብረን ብንኖርስ?» አለ። «አልወሰንኩም። እየጠየቅኩሽ ነው።»

ጥያቄውን አልደገመም፤ ጠበቀ። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው አጠገብ የነበረውን ነገር አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። የብረቱን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ።

«የማን ቁልፍ ነው?»

«የእማዬ ነበር። ያንተ ነው። ግን እያንኳኳህ ነው የምትገባው።»

«ቁልፍ እያለኝ?»

«ቁልፍ እያለህ።»

መምህሩ ቁልፉን ጨብጦ ፊቱን ወደ እሷ አቀና። «አሁን ፊትሽ ምን እያደረገ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ በእጇ ጀርባ ጉንጯን ጠረገች።

«እንባና ፈገግታ እየተወዳደሩ ነው» አለችው።

«ማን ያሸነፈ ይመስልሻል?»

ትንሽ ጠበቀች፤ በትክክል ልትነግረው ስለፈለገች።

«ፈገግታው» አለችው።

«እንባው ሳይለቅለት?»

«ሳይለቅለት።»