የአራተኛው ፎቅ ማረፊያ

ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል የሞተው ሊናገር በተዘጋጀበት ቀን ጠዋት ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ በሚሠራው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ በደረጃዎቹ መካከል ባለው ክፍት ጉድጓድ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው፣ ባለሙያውና ሹሙ ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበው ፎቅ ቤት እንዴት መሠራት አለበት በሚለው ላይ ሊከራከሩ ነበር። ከፕላን መሥሪያ ቤቱ ተልኮ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው እሱ ነበር።

ኢንስፔክተር ጠይባ አስከሬኑ የተሸፈነበትን ሸራ ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ጠይባ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። እሷ ዝም ስትል ሰው ይጨንቀዋል፤ ዝምታውን ልሙላ ሲል ነው ነገር የሚያመልጠው።

«አደጋ ነው» አለ ተቋራጩ ሰሎሞን፣ ላቡን እየጠረገ። «አራተኛ ፎቅ ማረፊያ ላይ ሲለካ ወደ ኋላ ረግጦ ወደቀ። መደገፊያው ገና አልተገጠመም። ተጠንቀቅ ብለው አይሰማ።»

«ሲወድቅ አይተዋል?»

«የት አይቼ? ከጓሮ ብሎኬት እያራገፍን ነበር። ዘበኛው ፉፋም ከእኔ ጋር ነበር። ስንመለስ ነው ያገኘነው።»

ጠይባ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ማረፊያው ደረጃው የሚዞርበት ጠባብ መድረክ ነው፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ባዶ ገደል። የመስኮቱ ደፍ ላይ የሟቹ የብረት ሜትር በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መዝዛ አየችው። ጫፉ ላይ የሚኖረው መንጠቆ ተሰብሮ ወልቋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮችም ተፍቀው ጠፍተዋል። ብቻዋን ልትለካበት ሞከረች፤ እየተንሸራተተ አስቸገራት። ጫፉን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። ደግሞስ እየለካ የወደቀ ሰው መቼ ሜትሩን ጠቅልሎ ያስቀምጣል? እዚህ ማረፊያ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ በእግሩ ወርዷል።

ከግቢው በር አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ በመጀመሪያ የገቡት የእድሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ በለጡ ናቸው። ይህ ሁሉ ክርክር የተነሳው በእሳቸው ነው።

«ባሌ የሞተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው» አሉ። «ሣጥኑ ደረጃው ላይ አልዞር አለ። በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወረዱልኝ፤ ጎረቤት በሩን ከፍቶ እያየ። የሰው ልጅ ነበር እኮ! ከዚያ ወዲህ ነው ሣጥን የማይዞርበት ደረጃ አይሠራ ብዬ የወረዳውን የክፍለ ከተማውን በር ሁሉ ያንኳኳሁት። አሁን ረቂቅ ደንብ ወጣ፤ ማረፊያው ከመቶ ሃያ ሳንቲ ሜትር ካነሰ ሰው አይገባበትም ይላል።»

«ትናንት ከኢንጂነሩ ጋር ተጣልተዋል ይባላል፣ እትዬ።»

«ተጣልቻለሁ። ማረፊያው ጠባብ ነው ወይ ስለው፣ ጠባብ ነው አለኝ። ታዲያ ይፍረስ ስለው፣ ሕንፃው አይፈርስም አለኝ። ለምን ብለው መልስ የለም፤ ማስረዳት የሚባል ነገር አይወድም። ተገዛህ ብዬ ሰደብኩት።» አንገታቸውን ደፉ። «አፌ ቁርጥ ይበል። ግን ልጄ፣ በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ ወጥቼ ሰው እገፋለሁ?»

ቀጥሎ መምህር ልደቱ ገባ። ኮተቤ ያስተምራል፤ ይህን ሕንፃ የሚያሠራው የቤት ማኅበር ሰብሳቢም ነው። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«አከራያችን በወሩ መጨረሻ ልቀቁ ብሎናል» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ልጆቼ ከአንዱ ግቢ ወደ አንዱ ግቢ ሲዞሩ አደጉ። ውሃ አበዛችሁ፣ እንግዳ አበዛችሁ፣ መብራት አታስመሹ እየተባሉ። ባለቤቴ ሃይሚ ዕቃ ጠቅልላ የዚህን ቤት ቁልፍ ነው የምትጠብቀው።»

«ኢንጂነሩ ዛሬ ቢናገር ኖሮስ?»

«ሥራው ይቆማል፣ ይፈርሳል። ለሬሳ ተብሎ የቁም ሰው ቤት ይፈርሳል እንዴ?»

«ማረፊያው ጠባብ ነው ይላሉ።»

«ውሸት ነው። መቶ ሃያ ነው። ልክ ረቂቁ የሚለውን ያህል። ማንም መጥቶ ይለካው።»

«እርስዎ ለክተውታል?»

«እኔ? ሰሎሞን ማኅበርተኛ ወደ ላይ አያስወጣም። አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም።»

«ታዲያ በምን አወቁ?»

ልደቱ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «ፕላኑ ላይ አለ።»

ጠይባ አመስግና ሸኘችው። ሰሎሞንን ስትጠራው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማረፊያው ስንት ነው?»

«እንደ ፕላኑ።»

«ፕላኑ ስንት ይላል?»

«መቶ ሠላሳ።»

«የተሠራውስ?»

ሰሎሞን ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ። ጠይባ ጠበቀችው።

«መቶ አስር» አለ በመጨረሻ። «ግድግዳውን በአስር ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ፈንታ በሃያው ገነባሁት፤ ወደ ውስጥም አስር ገፋ አለብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ግን ሰው አልገደልኩም።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማን እነግራለሁ? ለሚስቴም አልነገርኩ።»

በጠይባ ቦታ ሌላ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ሰሎሞን ያኔውኑ በካቴና ይሄድ ነበር፤ ያጭበረበረም እሱ፣ የሚጠየቅም እሱ። ጠይባ ግን ወደ ሕንፃው ነዳፊ ወደ ርሆቦት ዞረች። ልጅቷ ከማልቀሷ ብዛት ዓይኗ አብጧል፤ ዓምደ ሚካኤል መምህሯ ነበር።

«ይህን ሜትር ታውቂዋለሽ?»

«የእሳቸው ነው» አለች ርሆቦት። «አዲስ ልግዛልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ። ጫፉ ስለተበላ ከአስር ነው የሚጀምሩት። አስር ቁጥርን ግድግዳው ላይ ይይዙና በመጨረሻ ከተነበበው ላይ አስር ይቀንሳሉ። ቀያሾች ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ።»

ጠይባ ሜትሩን ጠቅልላ ያዘች። ከዚያ ሁሉንም ይዛ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ወይዘሮ በለጡ ፉፋን ተደግፈው፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። የማኅበሩ አባላት ወደ አዳራሹ ከመሄዳቸው በፊት ወሬ ሊሰሙ ግቢው በር ላይ ተሰብስበዋል፤ ድምፃቸው እስከ ላይ ይሰማል።

«ኢንጂነሩ ብቻውን አልነበረም» አለች ጠይባ። «ይህ ሜትር መንጠቆ የለውም፤ ሰው ሳይረዳው አይለካም። ተጠቅልሎም ተቀምጧል፤ ስለዚህ እየለካ አልወደቀም። አብሮት የነበረው ማን ነው? ሁላችሁም ስለዚህ ማረፊያ ስፋት ነግራችሁኛል። ርሆቦት ያወጣችው ፕላን መቶ ሠላሳ ይላል። ሰሎሞን የሠራው መቶ አስር ነው፤ ደብቆታል። እትዬ በለጡ ጠባብ መሆኑን እንጂ ቁጥሩን አያውቁም። አንድ ሰው ብቻ መቶ ሃያ አለኝ። መቶ ሃያ ረቂቁ የሚጠይቀው ነው እንጂ ፕላኑ ላይ የለም፤ ውሸቱን ቢሆን ደግሞ ማንም መጥቶ ይለካው አይልም ነበር። መቶ ሃያ ነው ያለ ሌላ ሰውም የለም።»

የራሷን አዲስ ሜትር አውጥታ ከግድግዳው እስከ ጠርዙ ዘረጋች። «አንብቢው።»

«መቶ አስር» አለች ርሆቦት።

«አሁን በሟቹ ሜትር። አንቺ አስሩን ግድግዳው ላይ ያዢ። መምህር፣ እርስዎ እዚህ ጠርዙ ላይ ያንብቡ።»

ልደቱ ጎንበስ አለ። ማንበብ አላስፈለገውም፤ ቁጥሩን ጠዋት አይቶታል።

«መቶ ሃያ» አለች ጠይባ በእሱ ፈንታ። «ይህ ቁጥር በዚህ ዓለም ላይ ያለው ይህ ሜትር ላይ፣ እዚህ ቦታ፣ ከአስር ተጀምሮ ሲያዝ ብቻ ነው። መቀነሱን የማያውቅ ሰው ካነበበው ደግሞ እውነት ብሎ ይይዘዋል። እርስዎ ጠዋት እዚህ ነበሩ።»

ልደቱ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ የለመንኩት» አለ። «ከመናገርህ በፊት በዓይኔ ልይ አልኩት። እነ ሰሎሞን ጓሮ እያሉ ይዞኝ ወጣ። እሱ ያንን ጫፍ ያዘ፣ እኔ አነበብኩ። መቶ ሃያ! ደስ ብሎኝ ልስመው ነበር። እሱ ሜትሩን ጠቅልሎ አስቀመጠና መቶ አስር ነው፣ አይበቃም አለኝ። ዓይኔ እያየ። ልጆቼ ሜዳ ላይ ሊወድቁ፣ ይሄ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ይዋሻል ብዬ ደረቱን ገፋሁት። ልጥለው አልነበረም፤ መደገፊያ እንደሌለ እንኳ ረስቼዋለሁ።» ቀና ብሎ ርሆቦትን አያት። «ከአስር ነው የምጀምረው ቢለኝ ምን ነበረበት?»

«ለእኛ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ጋሼ» አለች ርሆቦት። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለናል።»

ርሆቦት ግን አላበቃችም።

«ሊያስፈርሱም አልነበረም። ትናንት ደውለውልኝ ነበር። ግድግዳው ሸክም የለበትም፤ አንስተን በአስር ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ብንገነባው አስር ሳንቲ ሜትር እናገኛለን፣ መቶ ሃያ ይሞላል፣ ሰዉም ቤቱ ይገባል አሉኝ። ዛሬ ሊናገሩ የነበረው ይህን ነው።»

ወይዘሮ በለጡ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ልደቱ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ለረጅም ጊዜ እጁን አላነሳም።

«እንነሳ፣ መምህር» አለች ጠይባ። ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም።

ግቢው በር ሲደርሱ አባላቱ ከበቧቸው። ፖሊስ ከጎኑ መኖሩን ያስተዋለ አልነበረም፤ ሰብሳቢያቸውን አይተው ሁሉም በአንድ አፍ ጠየቁት። «ምን ተባለ? ቤታችን ምን ሆነ?»

ልደቱ ጠይባን አያት። ዝም አለችው።

«አይፈርስም» አለ ልደቱ። «ጠባብ ነው፣ መቶ አስር ነው። ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል ልክ ነበር። ደረጃው ጋ ያለው ግድግዳ ብቻ ይነሳና በቀጭኑ ይሠራል። ከዚያ ትገባላችሁ። እሱ ነው እንደዚህ ያለው።»

ከመሃል አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ሰው እየገፋች ወደ ልደቱ መጣች። ባለቤቱ ሃይሚ ነበረች።